የስፒከር ዋግምት

ትልቅ ሴት ሰው ሳሎን ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተንበርክካ ስፒከር ስትጠባ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያቺ ሴት እኔ ነኝ። ስሜ ስመኝ ይባላል፤ ጎንደር አራዳ ላይ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ አምፕሊፋየር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስፒከር እጠግናለሁ። ይህን አፌን ሞልቼ መናገር የጀመርሁት ግን ከአንዲት ቅዳሜ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የሰፈሩ ሰው የሚያውቀኝ የጋሽ ተገኘ ዕቃ አቀባይ ብሎ ነበር። ዕቃ አቀባይ የምትለዋን ቃል ዛሬም ስሰማት ደሜ ይፈላል።

ጋሽ ተገኘ የእናቴ ወንድም ነው፤ እኔ አያ ነው የምለው። ከዛሪማ አምጥቶ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ክፉ ሰው ነው ብላችሁ ከወዲሁ እንዳትፈርዱበት። ካቻቢቴ አያያዝ፣ የመበየጃ ካውያ ሙቀት፣ የተቃጠለ ዕቃ ሽታ፣ ሁሉንም ያወቅሁት ከሱ ነው። በጊዜው እጁ የሚያስቀና ነበር። ሌላው ሠሪ ሞቷል ብሎ የመለሰውን ሬዲዮ እሱ እያፏጨ ያስነሳው ነበር።

ከዚያ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ አውራ ጣቱ ብቻ ነበረች፤ ብርድ ነው አለ። ቀጥሎ መዳፉ ሙሉ ሆነ፤ ድካም ነው አለ። አንድ ቀን ካውያው ከእጁ አምልጦ የደንበኛ ቴሌቪዥን ላይ ጠባሳ ጣለ። በማግስቱ አረንጓዴ ጨርቅ ገዝቶ መጣና ሱቁን መሃል ለመሃል በመጋረጃ ከፈለው። እሱ ፊት ለፊት ቀኝ እጁን ኮቱ ኪስ ከትቶ ይቀመጣል፣ ዕቃ ይቀበላል፣ ያወጋል። እኔ ከመጋረጃው ኋላ እሠራለሁ። ሰው ዕቃውን የሚሰጠው እጅ አምኖ ነው፣ ይህ ነገር ከተሰማ ቤቱ ተዘጋ ማለት ነው፣ ለጊዜው ነው፣ አለኝ። ለጊዜው የተባለው አራት ዓመት ሆነ።

አራት ዓመት ሙሉ ሰው ዕቃውን ሊወስድ ሲመጣ፣ ጋሽ ተገኘ እጅህ ይባረክ፣ ይላል። እሱ አሜን ይላል። እኔም ከመጋረጃው ኋላ ቀስ ብዬ አሜን እል ነበር፤ ምርቃቱ የማን እንደሆነ እግዜር ያውቃል ብዬ። አንዳንዴማ አያ ነገሩን ሞቅ ሲያደርገው፣ "ይቺማ ስታለፋኝ ነው የሰነበተች" ይልላቸዋል። ያለፋችው እኔን። እየሳቅሁ እናደድ ነበር፤ ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ ያወቅሁት እዚያ መጋረጃ ኋላ ነው።

አሁን ስለ ትዊተር ትንሽ ልንገራችሁ፤ በስልክ የምትሰዳደቡበትን ማለቴ አይደለም። ስፒከር ሳጥኑ ውስጥ ሁለት አፍ አለው። ትልቁ የከበሮውን፣ የወፍራሙን ድምፅ ያወጣል። ትንሿ ደግሞ የቀጭኑን፤ እሷ ናት ትዊተር የምትባለው። ፊቷ ላይ የግማሽ ሎሚ ያህል እንኳ የማትሆን፣ ከስስ ጨርቅ የተሠራች ጉልላት አለቻት። ይህችን ጉልላት ያየ ጣት ደግሞ ሳይነካ አያልፍም፤ እንግዳ ይነካታል፣ ልጅ ይነካታል፣ አቧራ የሚጠርግ ይነካታል። ስትነካ ወደ ውስጥ ትሰረጉዳለች። ከዚያ በኋላ ቀጭኑ ድምፅ ይሻክራል፣ ወይም ይጠፋል።

እንደ አያ ያሉ የድሮ ሠሪዎች ስርጉዷን የሚያወጧት በፕላስተር ነው፤ ለጠፍ አድርጎ ሳብ። እጅ ካልተረጋጋ ግን ይብስባታል። እኔ የራሴን መንገድ ያገኘሁት ከዛሪማ ነው። ልጅ ሆኜ እናቴን ትከሻዋን ሲያማት ዋግምት የምታደርግላት ጎረቤት ነበረችን። የቀንዱን ሰፊ አፍ ትከሻዋ ላይ ደፍታ፣ ጫፉ ላይ ባለችው ቀዳዳ አየሩን ስትስበው፣ የእናቴ ሥጋ ብድግ ሲል አፌን ከፍቼ አይ ነበር። አንድ ቀን ፕላስተሩ አልይዝ ቢለኝ ያ ትዝ አለኝ። የወይፈን ቀንድ ጫፍ አስቆርጬ ሞረድሁት፤ ጨርቁን እንዳይፍቅ አፉን ዙሪያውን በብስክሌት ከመነዳሪ ሸፈንሁት። በሞቱ ትዊተሮች ላይ ስለማመድ ስንቷን ቀደድሁ። አያ ሲያየኝ ቤቱን የጠንቋይ ቤት ልታደርጊው ነው ብሎ አፌዘብኝ። የሠራ ዕለት ግን ለደንበኛው፣ "እኔ የራሴ ዘዴ አለኝ" ሲል በጆሮዬ ሰማሁት።

እንግዲህ ቅዳሜዋ መጣች። ጧት ገና በሩን እንደከፈትን አንዲት ጥቁር የለበሱ፣ ቀጥ ብለው የሚራመዱ ሴት ገቡ። ሲስተር ጥሩነሽ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ቤታቸው ማራኪ ሰፈር ነው። ከወራት በፊት ሬዲዮ አሠርተው ነበር፤ የሠራሁት እኔ፣ የተመረቀው አያ። በመጋረጃው ስንጥቅ አየኋቸው።

ነገራቸው ይህ ነው። ባለቤታቸው አቶ አስማረ፣ አስተማሪ የነበሩ፣ ካረፉ ነገ ዓመት ይሞላቸዋል። ሰውየው ትልልቅ ስፒከሮች ነበሯቸው፤ ድምፅ ይታፈናል እያሉ የፊት ጨርቁን አውልቀው ነበር የሚያዳምጡት። ያረፉ ዕለት ለቅሶ ቤት የዘፈን ሳጥን ፊቱን ለሰው አያሳይም ብለው የዘመድ ሴቶች ስፒከሮቹን አዙረው ከግድግዳ አስጠጓቸው። ነገ ሲስተር ከሙት ዓመቱ ቅዳሴ ሲመለሱ ጥቁራቸውን ያወልቃሉ፣ ስፒከሮቹንም መልሰው ያዞራሉ፣ ቤቱ ድምፅ ይሰማል። ትናንት ሊወለውሉ ቢያዞሯቸው ሁለቱም ጉልላቶች ገብተዋል። ወንበር ግድግዳ እንዳይፍቅ የተመታው ጣውላ ልክ በነሱ ቁመት ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ እንግዳ ስፒከሮቹን ሲደገፍ ጣውላው ጉልላቶቹን ሲጫን ከርሟል።

አያ ይላኳቸው፣ እዚሁ ይሠራሉ አለ። ሲስተር ከቤት አይወጡም አሉ። ባለቤቴ በገዛ እጃቸው ያስገቧቸው ናቸው፣ በኔ ዘመን ደጃፍ አይሻገሩም፣ እርስዎ ይመጣሉ። አያ ኪሱ ውስጥ ያለው እጁ ኮቱን ሲያርገበግበው ይታየኛል።

"ምነው ዝም አሉ? ሬዲዮዬን እንደ አዲስ ያደረጉልኝ እርስዎ አይደሉ?" አሉት።

"ነኝ እንጂ" አለ አያ። በቃ፣ ገመዱ አንገቱ ገባ።

ወደ ቤታቸው ስንሄድ ሚኒባስ ውስጥ አያ በጆሮዬ ያንሾካሽክልኛል። ሲስተርን ውሃ አምጪልን እላታለሁ፣ ከዚያ መቀስ እላታለሁ፣ ከዚያ ጨርቅ፤ ወጣ ባለች ቁጥር አንቺ ትስቢያለሽ። አያ፣ ለምን እውነቱን አንነግራቸውም አልሁት። መልሱ አጭር ነበር፦ "ቤቴን ልትዘጊ ነው?" ቤቴን አለ። ለአራት ዓመት ቀን ሳላይ የሠራሁበትን ቤት። መስኮቱን እያየሁ ማራኪ ደረስን፤ ቀንዱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ሳሎናቸው ሰፊ ነው። ስፒከሮቹ እስከ ወገቤ ይደርሳሉ፤ እንጨታቸው የተወለወለ፣ ሸጋ ዕቃ። ሁለቱ ጉልላቶች ግን ባዶ የዓይን ጉድጓድ ነው የሚመስሉት። ሲስተር ወንበር ስበው ከአጠገባችን ቁጭ አሉ። አያ ውሃ ሲላቸው አስቀድመው በጆግ አምጥተው ነበር። መቀስ ሲላቸው ከኪሳቸው አወጡ። ጨርቅ ሲላቸው ታጥፎ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

"እኔ ዕድሜዬን የጨረስሁት ቀዶ ጥገና ክፍል ለሐኪም ዕቃ ሳቀብል ነው" አሉ። "የሚያስፈልገውን ሳይጠየቅ አውቃለሁ። እጅ ሲሠራ ማየትም እወዳለሁ።"

አያ ፊቱ አመድ መሰለ። እጁን ከኪሱ አወጣ። ሌላ ምን ያድርግ? ካቻቢቴውን አንስቶ የመጀመሪያውን ብሎን ሊፈታ ሲጠጋ ጫፉ ብሎኑ ላይ ጠክ ጠክ ጠክ ይላል። በግራ እጁ ቀኙን ይዞ እንደ ምንም አራቱን ፈታ፣ ትዊተሯን አወጣ፣ ፕላስተር ቆረጠ። ጉልላቷ ላይ ሊለጥፍ ሲል እጁ ዘለለ፤ አውራ ጣቱ ጨርቋን ደፈጠጣት። ክብ የነበረው ስርጉድ ታጠፈና መሃሏ ላይ መስመር ወጣባት።

አያ እንደገና ፕላስተር ሊቆርጥ ሲል ሲስተር ጎንበስ ብለው የእጁን አንጓ ያዙት። ቁጣ አልነበረበትም፤ የነርስ አያያዝ ነው። ጣቶቹን ዘረጓቸው፣ አጠፏቸው፣ ክርኑን አጠፍ ዘርጋ አደረጉት። ብርድ ነው አላቸው።

"ጋሽ ተገኘ፣ ይህ ብርድ አይደለም። የዛሬም አይደለም፤ ዓመታት አልፎታል" አሉ። ከዚያ እጁን ለቀቁትና ዓይን ዓይኑን አዩት። "ታዲያ ያንን ሬዲዮ ማን ነው የሠራው?"

አያ ወደ እኔ አየ። አንባቢዎቼ፣ ያችን አስተያየት ሬሳ ሆኜ እንኳ የምረሳት አይመስለኝም። አንዲት ቃል ነበር የምጠብቀው። አራት ዓመት የጠበቅሁት ያችኑ ነው። ስመኝ ቢል ይበቃኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልኬን መጋረጃ ኋላ ብቀመጥም ቅር አይለኝም ነበር።

"እኔ ነኝ" አለ አያ።

"እኔ ነኝ" አልሁ እኔም። ሳላስበው ነው የወጣኝ፤ ግን ጮክ ብሎ ወጣ። "ሬዲዮውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም፣ አራት ዓመት ከዚያ ቤት የወጣውን ዕቃ ሁሉ የሠራሁት እኔ ነኝ።"

አያ ዕቃውን ሰብስቢ እንሂድ አለኝ። ድምፁ አልጮኸም፤ ከጩኸት የባሰ ነበር። ሲስተርም ተቆጡ፤ ለመቆጣታቸውም ሐቅ ነበራቸው። ከተማውን ስታሞኙ ኖራችሁ ነዋ፣ በነገው ቀን ላይ እንዲህ ታደርጉኛላችሁ፣ በሉ ይብቃችሁ፣ ባለበት ይቅር አሉ። አያ ተነሳ። ኮቱን አራገፈ። ካቻቢቴውን ከምንጣፉ አንስቶ ያዘ።

እኛ አገር ከታላቅ እጅ ዕቃ አይነጠቅም። ሲሰጡህ በሁለት እጅ፣ ጎንበስ ብለህ ትቀበላለህ እንጂ። እኔ ግን ምንጣፉ ላይ ተቀመጥሁ፣ ክንዴን ዘረጋሁ፣ ካቻቢቴውን ከአያ ጣቶች መሃል መንጭቄ ወሰድሁት። አልያዘብኝም። የሚይዝበት ጉልበት አልነበረውም፤ ያ ነው ዛሬም ድረስ የሚቆረቁረኝ።

"አልሄድም" አልሁት።

"ስመኝ።"

"አልሄድም አያ። የተበላሸ ዕቃ ትቼ አልሄድም። ይህንን ያስተማርኸኝ አንተ ነህ።" ከዚያ ወደ ሲስተር ዞርሁ። "ሲስተር፣ ሕመምተኛው ተከፍቶ ተኝቶ ሳለ የሐኪሙ እጅ ቢንቀጠቀጥ ምን ያደርጉ ነበር?"

"ሌላ ሐኪም አስጠራለሁ" አሉ።

"ተጠርታለች" አልሁ።

ሳቁ ልል ነበር፤ አልሳቁም። ግን ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ፣ እጃቸውንም ጭናቸው ላይ አጠፉ። እኔ ቦርሳዬን ከፍቼ ቀንዱን ሳወጣ ቅንድባቸው ወደ ላይ ሄደ። ዋግምት ልታደርጊለት ነው ወይ አሉኝ። አዎ አልኋቸው፤ ምን ልበል፣ ነው እኮ።

አያ ባልነካት ጀመርሁ። የቀንዱን አፍ በጉልላቷ ዙሪያ ደፋሁ፤ ጎማው ከጠርዟ ጋር ገጠመ። ጫፉን በከንፈሬ ያዝሁና ቀስ እያልሁ ሳብሁ። እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው ጨርቋን ይቀድዳታል። በአፍ ትስባለህ፣ በአፍንጫ ትተነፍሳለህ፣ ትጠብቃለህ፤ ጨርቋ ልውጣ ስትል ከንፈርህ ላይ ትነግርሃለች። ነገረችኝ። ጧ የምትል ትንሽ ድምፅ ተሰማ፤ ቀንዱን ሳነሳ ጉልላቷ እንደ እንቁላል ድፍን ብላ ወጥታለች። ሲስተር ወደፊት ጎንበስ አሉ። አያ በሩ አጠገብ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል።

ሁለተኛዋ አያ የደፈጠጣት ናት። እጥፋቷ አልለቅ አለ። አንዴ ሳብሁ፣ ምንም። ሁለቴ ሳብሁ፣ ግማሿ ወጥታ ተመልሳ ገባች። ላቤ በግንባሬ ይወርዳል። ቀንዱን አስቀምጬ ጉልላቷን በትንፋሼ አሞቅኋት፤ በብርድ ቀን መስተዋት ላይ እንደምንተነፍሰው፣ ሃ እያልሁ፣ ደጋግሜ። ጨርቋ ላላ ስትል ሦስተኛ ሳብሁ። ደረቴ እስኪቃጠል፣ ዓይኔ እስኪጨልም ድረስ ነው የያዝኋት። ወጣች። መሃሏ ላይ የፀጉር ያህል መስመር ቀርቷል፤ እሱን ማንም አያጠፋውም።

ሁለቱንም መልሼ አሰርሁ። ሲስተር ቴፑን ሊከፍቱ ሲነሱ መብራት ጠፋ።

እንዲህ ነው እንግዲህ የኛ ነገር። ሦስታችንም ማቀዝቀዣው ማጉረምረሙን ሲያቆም አዳመጥን። አያ ልሂድ አለ። ሲስተር አይሄዱም አሉት፤ ሳልሰማው አትሄዱም፣ ሁለታችሁም። ሻይና ዳቦ አቀረቡ። እሱ አልነካም። መስመር ያለባት ትዊተር ብትሻክርስ እያልሁ በልቤ እፈራ ነበር፤ ብትሻክር የሴት ሥራ ነው ይባላል፣ አያም እውነቱን ነበር ይባላል፣ መጋረጃው እስክሞት አይነሳም። ፊቴ ላይ ግን አላሳየሁትም። ዳቦውን አንስቼ ገመጥሁ።

ሲስተር አያን ሐኪም አይቶት እንደሆነ ጠየቁት። ማን ያየዋል፣ ሆስፒታሉ ግማሹ የኔ ደንበኛ ነው አለ። ያኔ ነው የገባኝ። መጋረጃው እኔን ብቻ አልነበረም የደበቀው፤ ሕመሙን ሰው እንዳያውቅበት ብሎ አራት ዓመት መድኃኒት ሳይቀምስ ኖሯል። ለዚህ የሚሆን መድኃኒት አለ አሉት ሲስተር። አያድነውም፣ ግን ያቀለዋል፤ ማንኪያዎን ይዘው ይበሉ ነበር። አያ እንደ ልጅ አንገቱን ደፋ። አራት ዓመት ሙሉ ሾርባውን በብርጭቆ ሲጠጣ ምክንያቱን ጠይቄው አላውቅም። ለዚህ ጥፋቱ የኔም ነው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ ስንቱን ቀዶ ጥገና ከሐኪሙ ቀድሜ አውቀው ነበር" አሉ። "አንድም ቀን አፌን አልከፈትሁም። አንቺ ባለጌ ነሽ። ደግ አደረግሽ።" ይህን ሲሉ ፈገግ እንኳ አላሉም።

መብራት የመጣው ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ሲስተር ካሴት አስገቡ። አቶ አስማረ ራሳቸው አንድ የንግሥ ዕለት ደብሩ ቅጥር ቆመው በትንሽ ቴፕ የቀዱት ማኅሌት ነው፤ በየሳምንቱ እሑድ የሚያዳምጡት። መጀመሪያ ሽውታ፣ ከዚያ የሰው ጫጫታ፣ ከዚያ ከበሮው ገባ፤ ድም አለ ከትልቁ አፍ። ከበሮው አላሳሰበኝም። እኔ የምጠብቀው ጸናጽሉን ነው። ጸናጽል የሚወጣው ከትንሿ ነው፤ ትንሿ ከታመመች ጸናጽል የተሰበረ ጠርሙስ ይሆናል።

ጸናጽሉ ገባ። ከግራ ጥርት ያለ፣ ከቀኝም ጥርት ያለ። መስመር ወዳለባት ጆሮዬን ለጠፍሁ፤ አልሻከረችም። እንደ ውሃ ነው የወረደልኝ። ቀና ስል አያ ከበሩ ተመልሶ መሃል ሳሎን ቆሟል፤ ራሱን ዘንበል አድርጎ የሚያዳምጠው ያችኑ የደፈጠጣትን ነው። ያ ጆሮ አልተንቀጠቀጠም፤ ጥራቱን ከኔ ቀድሞ አውቋል።

ሲስተር ግን ሌላ ነገር ነበር የሰሙት። ካሴቱ ውስጥ አንድ የሚያወራ ሰው ይሰማል፣ ከዚያ ከቅርብ፣ ከቀጂው ዘንድ፣ ሽሽሽ የሚል። ዝም በሉ ማለቱ ነው። ሲስተር እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

"እሱ ነው" አሉ። "እንዲህ ነበር የሚለኝ፣ ሲያዳምጥ ሳወራበት። ረስቼው ነበር።" ካሴቱን ወደኋላ መልሰው እንደገና ሰሙት። ከዚያም እንደገና። ጥቁራቸውን ለማውለቅ እስከ ነገ አልጠበቁም፤ ሻሻቸውን እዚያው ፈቱት።

ደጃፉ ላይ አያ አዋረድሽኝ አለኝና ብቻውን ባጃጅ ይዞ ሄደ። አብረን የምንኖርበት ቤት ስገባ የክፍሉን በር ዘግቷል። እሑድ ሙሉ አላናገረኝም። ሰኞ ጧት ሱቅ አልወጣም ብሎ ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ። አለቀስሁ፤ አልዋሻችሁም። ካለቀስሁ በኋላ ቁልፉን አንስቼ ሄድሁ። ወንበር ላይ ወጥቼ መጋረጃውን አወረድሁት። ጠረጴዛዬን ጎትቼ በሩ አፍ ላይ፣ ፀሐይዋ ላይ አደረግሁት። ጨርቁ ሳየው ሳሳ ያለና ድምፅ የሚያሳልፍ ነው፤ ቆራርጬ ፊታቸው ለተቀደደ ስፒከሮች ልብስ አደረግሁት። ከአራዳ የወጣ አረንጓዴ ፊት ያለው ስፒከር ካያችሁ እሱ ነው።

የዚያን ዕለት የገባው ደንበኛ ሁሉ በላዬ ላይ አሻግሮ ባዶውን ወንበር እያየ፣ ባለሙያው የለም ወይ አለ። ፊትህ ነኝ ስለው ከፊሉ ሳቀ፣ ከፊሉ ዕቃውን ታቅፎ ተመለሰ። አንዱማ፣ ሴት የጠባችው ስፒከር ደግሞ ምን ሊል ነው አለ። እንደ አንተ ግን አይለፈልፍም አልሁት። የሄደ ይሂድ ብዬ ሥራዬን ቀጠልሁ።

አያ የመጣው ሐሙስ ነው። በሩ ላይ ቆሞ የመጋረጃውን ቦታ አየ፣ እኔን አየ፣ ገብቶ ደንበኛ የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ቁጭ አለ። እኔም ሥራዬን አልተውሁም። ብዙም ሳይቆይ አንድ የቆየ ደንበኛችን ትልቅ ስፒከር ተሸክሞ ገባ። ጋሽ ተገኘ እንደምን ሰነበትህ ብሎ በጭንቅላቴ ላይ አሳልፎ ለሱ ሊያቀብለው ዘረጋ።

አያ ቀኝ እጁን ከኮቱ ኪስ አወጣ። አራት ዓመት ሰው ያላየውን እጅ ጉልበቱ ላይ፣ ፀሐይ ላይ አስቀመጠው። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሰውየው ያያል፤ አያም እንዲያይ ተወው።

"ለእሷ ስጣት" አለ። "እኔ እጄ ይንቀጠቀጣል። አራት ዓመት ስትመርቀኝ የነበርኸውን ምርቃትም መልስና ለእሷ ስጣት።"

ሰውየው ግራ ገብቶት አንዴ እሱን አንዴ እኔን ሲያይ ቆየና ስፒከሩን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። እጅሽ ይባረክ አለኝ። ጮክ ብዬ አሜን አልሁ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ከታላቅ እጅ ዕቃ ነጠቅሽ ብላችሁ የምትፈርዱብኝ እንደማይጠፉ አውቃለሁ። ፍረዱ። እኔም ያን ጊዜ የተለቀቁልኝን የደከሙ ጣቶች ሳስታውስ ዛሬም ያመኛል። ይቅርታ ግን አልጠይቅም። ያንን ካቻቢቴ ባልነጥቅ ኖሮ ሲስተር ያንን የባላቸውን ሽሽሽ አይሰሙም፣ አያም ዛሬ መድኃኒቱን እየዋጠ ሾርባውን በማንኪያ አይጠጣም፣ እኔም ዛሬ መጋረጃ ኋላ የሰው ምርቃት እየሰረቅሁ በቀስታ አሜን እል ነበር። ከናንተ መሃል መጋረጃ ኋላ የተቀመጣችሁ ካላችሁ፣ የሚያወርደው ሌላ ሰው የለም፤ እኔ አራት ዓመት ጠብቄ አይቼዋለሁ።

አያ አሁንም አግዳሚው ላይ ይቀመጣል፤ የሠራሁትን ሁሉ ጆሮው ካላለፈው ከቤት አይወጣም። ትዊተራችሁ ከተሰረጎደች ይዛችሁ ኑ፤ ቀንዱ እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ባለሙያው የለም ወይ ብላችሁ ግን እንዳትጠይቁኝ።